ቅዳሜ ማታ በር ዘግተን ስለምናየው ሲኒማ

ኃጢአት አይደለም ብሎ ለንስሐ አባቱ የማይነግረው፥ ያሳፍረኛል ብሎም ለባልንጀራው የማይገልጠው አንድ ትንሽ ነገር የሌለው ሰው ጥቂት ነው። አንዱ በጾም ሌሊት ተነሥቶ ከመሶቡ ይቈርሳል፤ ሌላው ያላሸነፈ የሎተሪ ቍራጭ በሣጥን ያጠራቅማል። የእኛ ደግሞ ሲኒማ ነው። ሲኒማ ማየት ከቶ ምን ያሳፍራል የሚል አንባቢ ቢኖር እውነት አለው፤ ዳሩ ግን የምናየውን ዓይነት ሲሰማ ሳይስቅ የሚቀር አይመስለንም። የምናየው፥ ስማቸው ቀድሞ በዓለም የታወቀ፥ ዕድሜያቸውም የገፋ ተዋንያንና ተዋንያት፥ ከዕድሜያቸውም ከድምፃቸውም ጋራ የማይስማማ የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው የሚዘፍኑበትንና የሚጨፍሩበትን የአሜሪካንና የእንግሊዝን ፊልም ነው።

ሥራችን የፍርድ ቤት ጽሕፈት ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰውን ክርክር ስንጽፍ እንውላለን። በችሎት ፊት መሳቅ ነውር ነው፤ ማልቀስም ለባለጕዳይ እንጂ ለጸሐፊ አልተፈቀደም። ቅዳሜ ማታ ግን እራት ተበልቶ ልጆች ከተኙ በኋላ የሳሎኑን በር እንዘጋና የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዝቅ አድርገን እንቀመጣለን። ባለቤታችን ምሥጢሩን ታውቃለች፤ «ደግሞ እነዚያ አሮጊቶች መጡ» ብላ ወደ መኝታዋ ትሄዳለች።

እንዲህ ያለውን ሥራ ፈረንጆች «ካምፕ» ይሉታል። ካምፕ ማለት በእኛ አገር የወታደር ሰፈር ስለ ሆነ ቃሉን መጀመሪያ ያገኘን ጊዜ ነገሩ ምንም አልገባንም ነበር። ሱዛን ሶንታግ የተባሉ አሜሪካዊት ደራሲ በኤውሮጳ አቈጣጠር በ1964 ዓ.ም. (ከዚህ በኋላ የምንጠራው የፊልምና የተዋንያን ዘመን ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ነው) ስለዚሁ ጠባይ በ58 ቍጥር የተከፈለ ማስታወሻ አሳትመዋል። ነገሩን በእኛ ቃል ለማስረዳት፥ ከልክ ያለፈ ጌጥና ከልክ ያለፈ ስሜት አንድ ላይ ሲሆኑ፥ በፍጹም ልብም የተጀመረ ታላቅ ነገር ሳይሳካ ሲቀር፥ ተመልካቹ ይስቃል፤ ነገር ግን እየሳቀ ይወደዋል። ደራሲዋም ሳያውቁ የሚሠሩትንና አውቀው የሚሠሩትን ለይተው፥ ሳያውቁ የተሠራው ይበልጣል ይላሉ። በዚህ ነገር ከእርሳቸው ጋራ አልተስማማንም፤ ምክንያቱ ወደ ፊት ይታያል።

ከሁሉ በዕድሜ በሚበልጡት እንጀምር። ወይዘሮ ሜይ ዌስት በ1893 ዓ.ም. በብሩክሊን ተወለዱ። (ተዋንያቱ በዕድሜ እናቶቻችን ስለ ሆኑ አንቱ ብንላቸው አንባቢ አይፍረድብን።) ራሳቸው ደርሰው ራሳቸው በተጫወቱት አንድ ቴአትር ምክንያት በ1927 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ፍርድ ቤት የሕዝብን ጠባይ አበላሽተዋል ብሎ ዐሥር ቀን እስራትና 500 ዶላር መቀጮ ፈርዶባቸው ነበር፤ በእስር ቤት ግን መልካም ጠባይ ስላሳዩ ሁለት ቀን ተቀንሶላቸው በስምንተኛው ቀን ወጡ። ጠባይ አበላሹ ተብለው የታሰሩ ሰው ስለ መልካም ጠባያቸው ምሕረት ማግኘታቸውን ሲያነብ ደስ የማይለው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ያለ አይመስለንም።

ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ ዘመን በአሜሪካ ሲኒማ ስማቸው እጅግ ገነነ። እኛ የምንወደው ግን ያን ዘመን ሳይሆን በ1978 ዓ.ም. የወጣውን «ሴክስቴት» የተባለውን የመጨረሻ ፊልማቸውን ነው። በዚያን ጊዜ 84 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ታሪኩ በለንደን ከተማ በአንድ ሆቴል ነው፤ ዝነኛ የሲኒማ ተዋናይት ስድስተኛ ባላቸውን አግብተው ለጫጕላ ይመጣሉ፤ የቀድሞ ባሎቻቸውም ይመጣሉ፤ በዚያው ሆቴል ደግሞ ልዩ ልዩ መንግሥታት ስለ ዓለም ሰላም ጉባኤ ተቀምጠዋል። ሙሽራው አቶ ቲሞቲ ዳልተን ናቸው። እርሳቸው የተወለዱት በ1946 ዓ.ም. ስለ ሆነ ሙሽራዪቱ ሙሽራውን በዕድሜ ከሃምሳ ዓመት በላይ ይበልጧቸዋል። ወይዘሮዋ ብዙ አይራመዱም፤ ባሉበት ቆመው አንድ እጃቸውን ከወገባቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ሰበር ያደርጋሉ፤ ለቤተ ሰብ ገጽ የማይገባ ንግግርም ይናገራሉ። ፊልሙ ከሰረ። ወይዘሮዋም በ1980 ዓ.ም. ዐረፉ።

ይህን ፊልም ባየን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ያህል ሳቅን፤ ከዚያ በኋላ ሳቃችን ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። በዚያ ፊልም ውስጥ ካሉት ሰዎች ሁሉ፥ ከባሎቹም ከአሽከሮቹም ከመልእክተኞቹም አንድ ስንኳ «አርጅተዋል» የሚላቸው የለም። በንጉሥ ፊት ጨለማውን ብርሃን ነው እንደሚሉ ሹማምንት ሁሉም ተስማምተዋል። ይህ ያስቃል፤ ደግሞም በጥቂቱ ያስፈራል።

በ1974 ዓ.ም. የወጣው «ሜም» የተባለው ግን እንዲህ አይደለም። በእርሱ የሚጫወቱት አሜሪካን ሁሉ በቴሌቪዥን ሲያስቁ የኖሩት ወይዘሮ ሉሲል ቦል ናቸው፤ ፊልሙ ሲወጣ 62 ዓመታቸው ነበር። ከሁለት ዓመት አስቀድሞ በበረዶ ላይ ሲንሸራተቱ እግራቸው ተሰብሮ ስለ ነበረ ሥራው እስኪድኑ ድረስ ቆየ። በ1966 ዓ.ም. በኒው ዮርክ መድረክ ይህንኑ ተጫውተው ሽልማት ያገኙት ወይዘሮ አንጄላ ላንስበሪ ነበሩ፤ ለሲኒማው ግን አልተመረጡም። ፊልሙን ያየ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ መነጽሩ ወደ ሌሎቹ ሲዞር ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው፥ ወደ ወይዘሮ ሉሲል ፊት ሲዞር ግን ጉም የወረደበት ይመስላል። ይኸውም የፊታቸው መስመር እንዳይታይ ነው። እኛ በዚህ አንስቅም። ሜይ ዌስት እርጅናቸውን ፈጽመው ካዱት፤ እዚህ ግን እርጅናው እንደ ነውር ተሸፈነ። የሚሸፈን ነገር ደግሞ እንዲታይ የማይፈለግ ነገር እንደ ሆነ ሁሉ ሰው ያውቃል።

ስለ «ዛናዱ» ብዙ አንናገርም። በ1980 ዓ.ም. የወጣ ነው፤ ከጥንት ግሪኮች አማልክት ወገን የሆነች አንዲት ልጃገረድ ከግድግዳ ሥዕል ወጥታ፥ አንድ ወጣት ሠዓሊና አንድ ሽማግሌ ሙዚቀኛ መንኰራኵር ባለው ጫማ የሚጨፈርበት አዳራሽ እንዲከፍቱ ትረዳቸዋለች። ይህን ያህል ሞኝ ነገር ብዙ አይገኝም። ከዚህ ፊልምና ከሌላ እንደ እርሱ ካለ ፊልም የተነሣ ነው አንድ አሜሪካዊ ተቈጥቶ ለክፉ ፊልም የሚሰጠውን «የወርቅ እንጆሪ» የተባለውን የፌዝ ሽልማት ያቋቋመው፤ መጀመሪያም በ1981 ዓ.ም. በገዛ ቤቱ ሳሎን ሰጠ። ዳሩ ግን ያ ሽማግሌ ሙዚቀኛ ጂን ኬሊ ናቸው። በዝናም ጃንጥላ ይዘው የጨፈሩት እኒያ ሰው እዚህ 67 ዓመት ሆኗቸዋል። ማታ በባዶ አዳራሻቸው የልጅቱን እጅ ይዘው ጥቂት ደቂቃ ይጨፍራሉ፤ ዝላይ የለም፥ ድካምም አይታይም፤ እግራቸው የሚያውቀውን ብቻ ያደርጋል። የፊልሙ ሞኝነት ሁሉ ለዚያን ጊዜ ዝም ይላል። እኛ ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ እየመለስን አይተነዋል።

ለምን እንደምናፍር ደግሞ እንናገር። በልጅነታችን ዜማ ቤት ገብተን ነበር። ግዕዝን ከዕዝል፥ ዕዝልንም ከአራራይ መለየት፥ ከፊደሉ በላይ ያለችውን ትንሽ ምልክት አለመሳት፥ ይህ ሁሉ በአለንጋ የተማርነው ነው። አንዲት ምልክት የዘለለ ልጅ ከመሪጌታው ዓይን ማምለጫ አልነበረውም። ኋላ ዘመዶቻችን ከሚሲዮን ትምህርት ቤት አስገቡን፤ በዚያም በኦርጋን በአራት ድምፅ መዘመር ነበረ። መሪጌታውና የሚሲዮኑ መምህር ቢገናኙ ኖሮ በሃይማኖትም በጾምም በምንም ባልተስማሙ ነበር፤ በአንድ ነገር ግን ቃላቸው አንድ ነው፤ ይኸውም አስተካክሎ የማይዘምር ዝም ይበል የሚል ነው። በዐሥራ አራት ዓመታችን ድምፃችን ሲሰበር መምህሩ ወደ እኛ መጥቶ «አንተ ከንፈርህን ብቻ አንቀሳቅስ» አለን። ታዘዝን። ትእዛዙን የሻረልን ስለሌለ እስከ ዛሬ በማኅበርም በልደትም በሠርግም ቤት ከንፈራችንን ብቻ እናንቀሳቅሳለን። እንዲህ ያለ ጆሮና እንዲህ ያለ ከንፈር ያለው ሰው እነዚህን ፊልሞች መውደዱ ቢታወቅበት ምን ይባላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። በ2008 ዓ.ም. የወጣ «ማማ ሚያ» የሚባል ፊልም አለ። ዘፈኖቹ አባ የተባሉት አራት የስዊድን ሙዚቀኞች የዘፈኗቸው ናቸው። እነርሱ በሚያዝያ 6 ቀን 1974 ዓ.ም. በኤውሮጳ የዘፈን ውድድር አሸነፉ፤ ከዘፈኖቻቸው የተሠራው ቴአትርም ልክ በ25ኛው ዓመት በዚያው ቀን በለንደን መድረክ ተከፈተ፤ ሲኒማው የመጣው ከዚያ ነው። ታሪኩ በአንዲት የግሪክ ደሴት ነው። አንዲት ልጅ ልታገባ ነው፤ አባቷ ማን እንደ ሆነ ስለማታውቅ በእናቷ የቀድሞ ማስታወሻ ደብተር ያገኘቻቸውን ሦስት ሰዎች በምሥጢር ወደ ሠርጓ ትጠራለች። በፍርድ ቤት ቢሆን ይህ ብዙ ቀጠሮ የሚፈጅ ጕዳይ ነው፤ በፊልሙ ግን ሰዎቹ ይዘፍናሉ እንጂ አይካሰሱም። ፊልሙ በዓለም ሁሉ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

እናቲቱ ወይዘሮ ሜሪል ስትሪፕ ናቸው። ሦስት ጊዜ ኦስካር የተሸለሙ ታላቅ ተዋናይት ናቸው፤ ፊልሙ ሲወጣ 59 ዓመታቸው ነበር። በዚህ ግን በአልጋ ላይ ይዘላሉ፤ በሥራ ሱሪ ሆነው በደሴቲቱ መንገድ ይሮጣሉ። የግሪክ ፀሐይ በፊታቸው ላይ ነው፤ ጉም የለም። ከሦስቱ አባቶች አንዱ አቶ ፒርስ ብሮስናን ናቸው፤ አራት ጊዜ ጄምስ ቦንድ ሆነው የተጫወቱ መልከ መልካም ሰው ናቸው። እርሳቸው ሲዘፍኑ ግን በዜማ ቤት ያደገ ሰው ወንበሩን አጥብቆ መያዝ አለበት። ድምፃቸው ከጕሮሯቸው የሚወጣው በብዙ ጭንቅ ነው፤ እርሳቸው ግን የሚወዷትን ሴት በዓይኗ እያዩ ስንኙን እስከ መጨረሻው ያደርሱታል። ያ ከላይ የጠራነው የወርቅ እንጆሪ ለእርሳቸው ተሰጠ። ከዐሥር ዓመት በኋላም በ2018 ዓ.ም. ሁለተኛው ክፍል ሲሠራ፥ ያ ሁሉ ሳቅ ካለፈባቸው በኋላ፥ መጡና ያንኑ ዘፈን ጥቂት ደገሙት። ሱዛን ሶንታግ ሳያውቁ የተሠራው ይበልጣል ማለታቸውን ያልተቀበልነው ስለዚህ ነው። ሳያውቅ የሚዘፍን ሰው ምን ይቸግረዋል? አውቆ፥ ተስቆበትም፥ ተመልሶ የሚዘፍነውን ሰው ማየት ነው እኛን በር የሚያዘጋን።

ነገር ግን ይህን የምንጽፈው ስለ አቶ ብሮስናን ብቻ አይደለም።

በእኛ አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. በጥር ወር ታናሽ እኅታችን ስትዳር ድግሱ በእኛ ቤት ሆነ። ዳኞችና ሌሎችም የተከበሩ እንግዶች ተጠርተው ነበር። እናታችን በወጣትነታቸው በተወለዱበት አገር ያለ እርሳቸው ሠርግ አይደምቅም ነበር ይባላል፤ ዘፈን አውራጅ ነበሩ። በዚያን ቀን 68 ዓመታቸው ነበር። ከምሳ በኋላ ከበሮውን ከልጃገረዶቹ ተቀብለው በአንገታቸው አጠለቁና ማውረድ ጀመሩ። ሁለተኛውን ስንኝ ሲያነሡ ድምፃቸው ከፍ ካለው ስፍራ ላይ ተሰበረ። እርሳቸው ግን ሳቁና ቀጠሉ፤ ትከሻቸውንም ሰበቁ። ከእንግዶቻችን አንዱ ፈገግ አለ። ያ ፈገግታ ምን ዓይነት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አላወቅነውም፤ የደስታም ሊሆን ይችላል። እኛ ግን ከመቀመጫችን ተነሥተን ሄድንና በጆሯቸው «እትዬ፥ ይበቃል፤ ሰው ያያል» አልናቸው።

«እውነትህን ነው» አሉና ከበሮውን አውልቀው ለልጃገረዶቹ መለሱ። አልተቈጡም። ማንም የሰማ አልነበረም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ቡና ሲያፈሉ ስንኳ ሲያንጐራጕሩ ሰምተናቸው አናውቅም። መጀመሪያ አላስተዋልንም ነበር። በኋላ ባለቤታችን «እናትህ ዝምታ አበዙ፥ አሟቸው ይሆን?» ባለችን ጊዜ ነው ያስተዋልነው፤ አስተውለንም ምክንያቱን ሳንነግራት ቀረን።

አባታችን ካረፉ ወዲህ እናታችን ከእኛ ጋራ ይኖራሉ። ባለፈው ክረምት በአንዲት ቅዳሜ ሌሊት፥ እኛ «ማማ ሚያ»ን ለስንተኛ ጊዜ እንደ ሆነ በማናውቀው ስንመለከት፥ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው ነጠላቸውን ተከናንበው በሩን ከፍተው ገቡ። ልናጠፋው ስንል ማጥፊያው ከእጃችን አምልጦ ከሶፋው ሥር ገባ።

«ልጄ፥ አልተኛህም? ይህ ምንድር ነው?»

«እንዲያው የፈረንጅ ጨዋታ ነው፥ እትዬ።»

ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ ወይዘሮ ሜሪል እየዘፈኑ መንገድ ለመንገድ ሲወርዱ የደሴቲቱ ሴቶች ሥራቸውን እየተዉ የሚከተሏቸው ክፍል ደርሶ ነበር። ከእነርሱ አንዲት ባልቴት የማገዶ ሸክም ተሸክማ ትታያለች፤ ዘፈኑን ስትሰማ ሸክሟን ከጀርባዋ ጥላ ትከተላለች። እናታችን በልጅነታቸው ከጫካ እንጨት ተሸክመው ያደጉ ናቸው። «እሰይ! ጣለችው!» ብለው በጭናቸው መቱ። ሴቶቹ ሁሉ ከወደቡ ጫፍ በልብሳቸው ወደ ባሕር ዘለሉ፤ እናታችን አፋቸውን በነጠላቸው ይዘው ሳቁ። ከዚያም ዝም ብለው ቆዩና ጠየቁን።

«ይህች ፊተኛይቱ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ወደ ስድሳ ይጠጋሉ።»

«ልጅ አላት?»

«አለቻቸው፤ ታሪኩ የልጅቱ ሠርግ ነው።»

«በልጅዋ ሠርግ ነው እንዲህ የምትሆነው?»

«አዎን።»

«ልጅቱስ ምን አለቻት?»

የሰውን ጥያቄና መልስ ስንጽፍ ብዙ ዓመት አልፎናል። ምስክር መልስ ሲያጣ «ዝም አለ» ተብሎ ይጻፋል፤ ዳኛውም ዝምታውን እንደ መልስ ይመለከተዋል። እኛም ጥቂት ዝም አልን፤ ኋላም «ምንም አላለቻቸውም፤ ደስ አላት» አልን። እውነትም በፊልሙ እናቲቱ ከሁለት የቀድሞ ጓደኞቻቸው ጋራ የጥንቱን የሚያብረቀርቅ ልብስ ለብሰው በልጅቱና በባልንጀሮቿ ፊት ሲዘፍኑ፥ ልጅቱ ከሁሉ ይልቅ ደስ ብሏት ትታያለች።

«ይሁን» አሉ እናታችን። ሌላ አልጨመሩም።

አቶ ብሮስናን መዝፈን ሲጀምሩ እኛ አስቀድመን አፈርን። እናታችን ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። «ይህ ሰው አይችልም» አሉ። «አዎን፥ አይችሉም» አልን። ለማቋረጥ ፈልገን ማጥፊያውን ከሶፋው ሥር በእጃችን ስንዳብስ «ተወው፥ ይጨርስ» አሉን። ሙሽራዪቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ስትወጣ፥ ያ በባሕር ዳር ከገደል ጫፍ ላይ ያለ፥ በድንጋይ የተወቀረ ከመቶ የሚበልጥ ደረጃ ያለው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ሲታይ፥ «የማን ደብር ነው?» ብለው ጠየቁ። ፊልሙ የተሠራበትን ስፍራ አንብበን ስለ ነበረ፥ ደሴቲቱ ስኮፔሎስ እንደምትባል፥ ቤተ ክርስቲያኑም የቅዱስ ዮሐንስ እንደ ሆነ ነገርናቸው። ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው ወደ ቴሌቪዥኑ ተሳለሙ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ማታ ሁለት ሆነን እንቀመጣለን። በሩን አሁንም እንዘጋለን። እናታችን እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ፍርዳቸው ግን ከእኛ የፈጠነ ነው። «ሜም»ን ባሳየናቸው ጊዜ «ፊቷ ላይ ጢስ ያጨሱባት ለምንድር ነው?» ብለው በሩቡ ተነሥተው ሄዱ። የጂን ኬሊን ጭፈራ «ይህስ የተማረ ነው» አሉት። ሜይ ዌስትን ስለ ንግግራቸው አላሳየናቸውም፤ ቋንቋውን ባያውቁም ከዓይናቸው እንዳይረዱት ፈርተናል። በጣም የወደዱት በ2018 ዓ.ም. ፊልም በሄሊኮፕተር የሚመጡትን ነጭ ጠጕር ያላቸውን ወይዘሮ ሼርን ነው። ሼር በዚያ የሜሪል ስትሪፕ እናት ናቸው፤ በተወለዱበት ዘመን ግን በሦስት ዓመት ብቻ ይበልጧቸዋል። ይህን ብንነግራቸው «በሦስት ዓመቷ ወለደቻታ!» ብለው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ፤ ከዚያም «ቢሆንም እናትነቱ ያምርባታል፥ መልሳት» አሉን። መለስናት፤ ያንኑ ዘፈን ሁለት ጊዜ ሰማን።

የወንድማችን ልጅ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ይህ በቤት ውስጥ ሲወራ ከሰነበተ በኋላ፥ በአንዲት ጧት ቡና ሲጠጣ እናታችን ወደ ማንም ሳይመለከቱ «ያ ከበሮ የት ደረሰ?» አሉ። ማንም አላወቀም። እኛ ሁለት ቅዳሜ ዕቃ ቤት ስንበረብር ውለን ከእህል ጆንያ በታች አገኘነው። በትንሹ ወገን ያለውን ቆዳ አይጥ በልቶታል፤ ጠፍሩም ደርቆ ተበጣጥሷል። ለማንም ሳንናገር በጋዜጣ ጠቅልለን ወደ ከበሮ ሠሪ ወሰድነው። ሰውዬው እንጨቱን በጣቱ አንኳኳና «ይህስ ደኅና ነው፤ ቆዳው ይለወጥ። የሚመታው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀን። «እናታችን ናቸው» አልነው። ዕድሜያቸውን ጠየቀን፤ ሰማንያ ሊሞላቸው ጥቂት እንደ ቀረ ነገርነው። «እንግዲያማ ማንገቻውን ሰፋ አድርጌ አንገታቸውን እንዳይቈርጣቸው በጨርቅ እለብጠዋለሁ» አለና ለዓርብ ቀጠረን።